ከጭነት መርከብነት ወደ አውሮፕላን ተሸካሚነት፦ የ«ካርድ» ታሪክና የቀይ ባሕር ጥያቄ

የቀይ ባሕር ነገር በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም፣ «አሜሪካ ያን የሚያክል አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ እዛ ገትራ እንዴት መርከብ የሚመቱትን የየመን ታጣቂዎች፣ ሁቲዎችን፣ ማስቆም አቃታት?» ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ለኛ ደግሞ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፣ ከሀገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላዩ በጅቡቲ በኩል ነው የሚያልፈው፣ ዘይቱም ማዳበሪያውም መኪናውም። ብዙ ሰው መልሱን የሚፈልገው ከዛሬው ሚሳኤልና ድሮን ውስጥ ነው። እኔ ግን ከ80 ዓመት በፊት የተሠራች፣ አብዛኛው ሰው ስሟን እንኳን ሰምቶት የማያውቅ የአንዲት መርከብ ታሪክ ጥያቄውን በደንብ ይፈታዋል ባይ ነኝ፣ ስለዚህ ታገሱኝና ከሷ ልጀምር። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መርከቧ ካርድ ትባላለች። ስሙ የተወሰደው ፍሎሪዳ ውስጥ ከማያሚ በታች ካለ ካርድ ሳውንድ ከሚባል የባሕር ሰርጥ ነው። መጀመሪያ ለጦርነት አልነበረም የታሰበችው፣ በዋሽንግተን ስቴት ታኮማ ከተማ ሲያትል-ታኮማ በሚባለው የመርከብ መሥሪያ ውስጥ በ1941 ኦክቶበር ስትጀመር ሲ3 የሚባለው ተራ የጭነት መርከብ አካል ነበር የተቀጠቀጠላት። ከዛ ጦርነቱ መጣና ላይዋ ላይ ጠፍጣፋ መንደርደሪያ ተገጠመላት፣ ከስር የአውሮፕላን ማቆሚያ፣ አውሮፕላን የሚያወጣና የሚያወርድ ሊፍት፣ ጎኗ ላይ ትንሽዬ የአዛዥ ማማ፣ በቃ በ1942 ኖቬምበር 8 የባሕር ኃይል መርከብ ሆና ሥራ ጀመረች። ርዝመቷ 151 ሜትር አካባቢ ነው፣ በ2023 እና በ2024 ቀይ ባሕር ላይ ያየናት የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ አይዘንሃወር ግን 330 ሜትር ታልፋለች። ፍጥነቷ በሰዓት 18 ኖት፣ በኪሎ ሜትር ሲሆን ከ33 የማይበልጥ። የምትይዘው አውሮፕላን ሃያ ምናምን ነው።

ይሄን ዓይነቱን መርከብ አጃቢ አውሮፕላን ተሸካሚ ይሉታል፣ የእንግሊዝኛው ምህጻረ ቃል ሲቪኢ ነው። መርከበኞቹ ራሳቸው ግን ሦስቱን ፊደል «በቀላሉ የምትነድ፣ በቀላሉ የምትመታ፣ ብትጠፋም የማትቆጭ» ብለው ነበር የሚተረጉሙት። እውነትም ብረቷ ስስ ነው፣ ሞተሯ አንድ ዘንግ ብቻ ነው የሚያዞረው፣ ቶርፒዶ (ውሃ ውስጥ የሚሄድ ፈንጂ) ከመታት ብዙ ተስፋ የላትም። ግን ቶሎ ትሠራለች! ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ካይዘር የሚባለው ፋብሪካ ከሷ ቀጥሎ የመጣውን ካዛብላንካ የሚባለውን ዓይነት በአንድ ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ 50 መርከብ አስረክቧል። ሃምሳ! ዛሬ አሜሪካ ያላት ትልቅ አውሮፕላን ተሸካሚ 11 ነው።

ለምን ያን ያህል አስፈለገ? እንግሊዝ ደሴት ናት፣ ስንዴውም ነዳጁም ታንኩም ከአሜሪካና ከካናዳ በመርከብ ነው የሚሄድላት፣ ጀርመኖች ደግሞ ያን መስመር ለመቁረጥ ሰርጓጅ መርከቦቻቸውን በመንጋ በመንጋ አሰማርተዋል። መሀል አትላንቲክ ላይ ከካናዳም ከአይስላንድም ከእንግሊዝም የሚነሳ አውሮፕላን የማይደርስበት ሰፊ ባዶ ቦታ ነበር፣ እዛ ጋ ነው ቁጭ ብለው የሚጠብቁት። በ1943 ማርች ተከታትለው ይጓዙ የነበሩ ሁለት ኮንቮዮች (ተሰባስበው በአጃቢ የሚሄዱ የጭነት መርከቦች) በጥቂት ቀን ውስጥ 22 መርከብ አጥተዋል። ከነጭነታቸው፣ ከነሰዎቻቸው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ የዛን ዘመን ሰርጓጅ መርከብ ዛሬ እንደምናውቀው ወር ሙሉ ውሃ ስር የሚኖር አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚጓዘው ላይ ላዩን ነው፣ በናፍጣ ሞተር፣ ውሃ ውስጥ የሚገባው ለማጥቃት ወይ ለመደበቅ ሲሆን ያኔ በባትሪ ስለሚሄድ ፍጥነቱ ከሰው ሩጫ ብዙም አይበልጥም፣ ባትሪው ሲያልቅ ደግሞ ወዶ ሳይሆን በግዱ ይወጣል። ስለዚህ አንድ አውሮፕላን ከላይ መኖሩ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፣ ባይመታው እንኳን ውሃ ውስጥ እንዲጠልቅ ያደርገዋል፣ ከጠለቀ ዓይኑም ይጠፋል እግሩም ይታሰራል፣ ኮንቮዩ ጥሎት ያልፋል። ባዶውን ቦታ ለመሙላት የሚያስፈልገው አስፈሪና ውድ መርከብ ሳይሆን ሃያ አውሮፕላን ይዞ እዛው ባሕሩ መሀል ሳምንታት የሚቆይ ማንኛውም ነገር ነበር።

ካርድ መጀመሪያ በ1943 ሜይ አውሮፕላንና ወታደር ጭና ሞሮኮ ካዛብላንካ ከተማ ደርሳ ተመለሰች። ጁላይ መጨረሻ ላይ ግን በካፒቴን አርኖልድ ኢዝቤል አዛዥነት ሦስት አሮጌ ዲስትሮየሮች (ፈጣን አጃቢ የጦር መርከቦች) አስከትላ ለአደን ወጣች። አደን ነው የምለው ምክንያቱም ከኮንቮይ ጎን ተጣብቃ እንድትሄድ አልታዘዘችም፣ ራሷ ፈልጋ እንድታገኝ ነው። ኦገስት 3 ላይ አውሮፕላኖቿ ዩ-66 የሚባለውን ሰርጓጅ አቆሰሉት። ከአራት ቀን በኋላ ዩ-117 የተባለው ሊረዳው መጥቶ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ የካርድ አውሮፕላን ደረሰባቸው፣ ዩ-117 ከነሰዎቹ በሙሉ ሰጠመ። ኦገስት 9 ላይ ዩ-664፣ ኦገስት 11 ላይ ዩ-525፣ ኦገስት 27 ላይ ዩ-847። አንድ ጉዞ፣ አራት ሰርጓጅ።

አሠራራቸው ጥንድ ጥንድ ነበር። ዋይልድካት የሚባለው ትንሹ ተዋጊ ቀድሞ ይወርድና የሰርጓጁን መትረየስ ተኳሾች ይበትናቸዋል፣ ከኋላው አቬንጀር የሚባለው ከባዱ ቦምቡን ይጥላል። ጀርመኑ እሸሻለሁ ብሎ ውሃ ውስጥ ከጠለቀ ደግሞ ሌላ ነገር ይከተለዋል፣ የሰርጓጁን የፕሮፔለር ድምፅ እየሰማ ውሃ ውስጥ ተከትሎት የሚሄድ ቶርፒዶ ነበር፣ ፋይዶ ይሉታል፣ ምስጢሩ እንዳይወጣ መዝገብ ላይ ፈንጂ ብለው ነው የጻፉት። ሌላ ጀርመን እያየ እንዳይጣልም ትእዛዝ ነበር። ዩ-525ና ዩ-847 የጠፉት በዚህ ነው። ዩ-847 ላይ የነበሩት 62 ሰዎች አንድም አልተረፈም።

ግን ያን የሚያህል ውቅያኖስ ላይ እንዴት አገኟቸው? ውቅያኖስ ላይ አንድ ሰርጓጅ መፈለግ ማለት እኮ በሌሊት ኦጋዴን ላይ የወደቀ መርፌ እንደመፈለግ ነው። መልሱ ሬዲዮ ነው። የጀርመን አዛዥ ዶኒትዝ ሰርጓጆቹን በየቀኑ በሬዲዮ ነበር የሚያዛቸው፣ እነሱም ይመልሳሉ፣ እንግሊዞችና አሜሪካኖች ደግሞ ኢኒግማ የሚባለውን የምስጢር ጽሕፈት ፈተው ያነቡት ነበር። ነዳጅ አመላላሽ ሰርጓጆች የት ቦታ፣ መቼ፣ ከማን ጋር እንደሚገናኙ ይታወቃል ማለት ነው። «ወተት ላም» ይሏቸው ነበር ነዳጅ የሚሰጡትን። ላሟን ከገደልክ ጥጆቹ ነዳጅ አልቆባቸው ወደ ቤት ይመለሳሉ፣ ስለዚህ አንድ ወተት ላም ማስጠም የብዙ ሰርጓጅን ሥራ ያስቆማል። በሁለተኛው ጉዞ ኦክቶበር 4 ላይ ከካርድ የተነሳ አንድ አብራሪ ከአዞረስ ደሴቶች በላይ አራት ሰርጓጅ አንድ ላይ ተሰብስበው አገኘ፣ አንዱ ወተት ላሙ ዩ-460 ነበር። እሱም ዩ-422ም በዛው ቀን አለቁ። ኦክቶበር 13 ብዙ መርከብ ያሰጠመው አዛዥ ፎን ፎርስትነር ከነሰርጓጁ ዩ-402 ጠፋ። ኦክቶበር 31 ደግሞ ዩ-584፣ ይሄኛው በ1942 አራት ሳቦተሮችን (አውዳሚ ሰርጎ ገቦችን) ሌሊት ፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ ላይ ያራገፈው ነው።

ከዛ ኖቬምበር 1 መጣ። ይሄን ሌሊት ቶሎ ማለፍ አልፈልግም።

ከካርድ አጃቢዎች አንዷ ቦሪ ትባላለች፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት የተሠራች ያረጀች ዲስትሮየር ናት። ሌሊት በማዕበል መሀል በራዳር አንድ ሰርጓጅ አገኘች፣ ዩ-405ን፣ ቦምብ ጥላ ወደ ላይ አስወጣችውና አዛዡ ቻርለስ ሃቺንስ ልግጨው ብሎ ተንደረደረ። ልክ ሊገጨው ሲል ማዕበል የቦሪን አፍንጫ ብድግ አደረገውና መርከቧ ሰርጓጁ ጀርባ ላይ ወጥታ ቁጭ አለች። ተቆላለፉ። ለአሥር ደቂቃ ያህል። በጣም ስለተቀራረቡ የቦሪ ትልልቆቹ መድፎች ወደ ታች ማነጣጠር አልቻሉም፣ መርከበኞቹ ያገኙትን አነሱ፣ ጠመንጃ፣ ሽጉጥ፣ አንዱ የወገቡን ቢላዋ ወረወረ፣ ሌላው የተተኮሰ የመድፍ ጥይት ባዶ ቀፎ ወርውሮ አንድ ጀርመናዊ ባሕር ውስጥ ጣለ። በራዳርና በምስጢር ጽሕፈት የሚካሄድ ዘመናዊ ጦርነት መሀል ላይ ልክ እንደ ጥንቱ የእጅ በእጅ ውጊያ ሆነ።

በመጨረሻ ተላቀቁና ዩ-405 ሰጠመ፣ 49ኙም ሰዎች ሞቱ። ቦሪም ግን አልዳነችም፣ የታችኛው ብረቷ ተቀዷል፣ የሞተር ክፍሏ ውሃ ሞልቷል፣ ኤሌክትሪክ የለም፣ ጭጋግ ነው፣ ሬዲዮው ላይ ለመናገር የሲጋራ ላይተር ነዳጅ ሳይቀር ለቃቅመው ነው ትንሿን ጄኔሬተር ያስነሱት። የካርድ አውሮፕላን ፈልጎ አገኛት። ሃቺንስ መርከቡን ልቀቁ ብሎ ሲያዝ ማዕበሉ እንደ ቤት ይቆማል፣ ውሃው እንደ በረዶ ነው፣ በውጊያው አንድ ሰው እንኳን ያልሞተባት መርከብ በማዳኑ ሰዓት 27 ልጆቿን አጣች። በማግስቱ ቦሪን ያሰጠሟት የካርድ አውሮፕላኖች ራሳቸው ናቸው፣ በቦምብ፣ እንዳትማረክ።

ሦስተኛው ጉዞ መጥፎ ነበር። በ1943 ገና ዋዜማ ካርድ የሰርጓጅ መንጋ መሀል ገባች፣ ማዕበሉ አውሮፕላን አያስነሳም፣ ሌሊት ነው፣ ቶርፒዶ ተተኮሰባትና ለጥቂት ሳታት። ሼንክ የምትባለው አጃቢዋ ዩ-645ን አሰጠመች፣ ሊሪ የምትባለው ግን ተመትታ ሰጠመች፣ ከ90 በላይ ሰው ሞተባት። አውሮፕላን ማስነሳት ያልቻለች አውሮፕላን ተሸካሚ ማለት ስስ ብረት ያላት ቀርፋፋ የጭነት መርከብ ናት፣ ካርድ ያን ሌሊት እንደዛ ነበረች። በ1944 ጁላይ አጃቢዎቿ ዩ-233ን ጨመሩ። ሲደመር አሥራ አንድ፣ ስምንቱ በአውሮፕላኖቿ፣ ሦስቱ በአጃቢዎቿ። ኢዝቤል ጦርነቱ ሲያልቅ አላየም፣ በ1945 ማርች የትልቋን ዮርክታውንን አዛዥነት ሊረከብ እየሄደ ፍራንክሊን የምትባለው መርከብ ላይ ተሳፍሮ ሳለ ጃፓኖች መቷት ሞተ።

አሁን እዚህ ጋ አንድ ነገር ላንሳ። እንግሊዝና አሜሪካ ሰርጓጆቹን ከመነሻቸው ለማጥፋት ያልሞከሩት አይምሰላችሁ። ፈረንሳይ ውስጥ ሎሪያንና ሴንት ናዛየር ላይ ጀርመኖች ለሰርጓጆቻቸው የኮንክሪት ዋሻ ሠርተው ነበር፣ ጣራው በሜትሮች የሚለካ ውፍረት አለው፣ አጋሮቹ ቦምብ አዘነቡበት፣ ከተሞቹ ፈረሱ፣ ዋሻው ግን ቆመ፣ ዛሬም ሄዶ ማየት ይቻላል። ውጊያውን የለወጠው መነሻውን መደብደብ ሳይሆን ሰርጓጁ የሚመጣበት ቦታ ላይ፣ ከመርከቦቹ ጎን፣ ቀን ከሌት መገኘት ነው።

ቀይ ባሕር ላይ ያየነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሁቲዎች በ2023 ኖቬምበር 19 ጋላክሲ ሊደር የሚባለውን የጭነት መርከብ በሂሊኮፕተር ወርደው ያዙ፣ ከዛ ድሮኑም ሚሳኤሉም ቀጠለ፣ ሩቢማር የምትባለው ሌላ የጭነት መርከብ በ2024 ማርች ሰጠመች። አሜሪካና እንግሊዝ ከ2024 ጃንዋሪ 12 ጀምሮ የመንን መደብደብ ጀመሩ። በ2025 ደግሞ ከማርች 15 እስከ ሜይ 6 አሜሪካ ከበፊቱ በጣም የከበደ ድብደባ አካሄደችና በኦማን አደራዳሪነት ከሁቲዎች ጋር ተስማማች። ሁለት ወር ቆይቶ በጁላይ ማጂክ ሲስና ኢተርኒቲ ሲ የሚባሉ ሁለት የጭነት መርከቦች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰጠሙ። የመን ተራራ ናት፣ የተራራ ሰው ደግሞ ዋሻ ያውቃል፣ ይሄን ለኛ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

የዋጋውን ነገር ብዙ ሰው ስላወራው አልደጋግመውም፣ በጥቂት ሺህ ዶላር የሚሠራ ድሮን ለመጣል ሁለት ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚፈጅ ሚሳኤል ይተኮሳል፣ ይሄ ሂሳብ ረጅም አያስኬድም። አሜሪካኖቹም ገብቷቸው ከጊዜ በኋላ በሌዘር የሚመራ ርካሽ ሮኬት አውሮፕላን ላይ እያሰሩ ድሮን መጣል ጀምረዋል። እኔ የምለው ከዋጋም በላይ የቁጥር ነገር አለ ነው። አንድ ግዙፍ መርከብ አንድ ቦታ ነው የሚሆነው፣ ጥገና አለው፣ ሠራተኛው ይደክማል፣ ከወራት በኋላ ይሄዳል፣ የሄደ ቀን ባዶ ቦታው ተመልሶ ይከፈታል። የ1943ቱ ሰዎች ባዶውን ቦታ የዘጉት ብትጠፋም የማትቆጭ መርከብ በብዛት ሠርተው ነው። ይሄን ሐሳብ ዛሬ የያዙት ሌሎች ናቸው፣ ኢራን ኮንቴይነር ጫኝ የነበረች መርከብ ላይ 180 ሜትር መንደርደሪያ ሠርታ ሻሂድ ባገሪ ብላ የድሮን ተሸካሚ አድርጋ በ2025 ፌብሩዋሪ አሰማርታለች። አሠራሩ ቁርጥ ካርድ ነው፣ የጭነት መርከብ አካል፣ ላዩ ላይ ጠፍጣፋ ሜዳ።

እውነት ለመናገር ልዩነትም አለ፣ ማለፍ የለብኝም። ሰርጓጁ ለማጥቃት ወደ መርከቡ መቅረብ ነበረበት፣ ስለቀረበ ይገኛል። ሚሳኤል ግን ከተራራ ላይ ተነስቶ በደቂቃ ይደርሳል፣ ተኳሹ ባሕር ላይ የለም። ስለዚህ ቀይ ባሕር ላይ አጃቢ ቢኖርም አዳኝ መሆን አይችልም፣ መከላከል ብቻ ነው፣ መከላከል ደግሞ ሁሌ ከማጥቃት ይከብዳል። ለዚህ ነው ብዙ የመርከብ ኩባንያዎች ኢንሹራንሱን አይተው በደቡብ አፍሪካ ዞረው መሄድን የመረጡት፣ ለዚህም ነው የስዊዝ ካናል ገቢ ከ2023ቱ 10 ቢሊዮን ዶላር በ2024 ወደ 4 ቢሊዮን ገደማ የወረደው።

ለኛ ምን ማለት ነው? ካርታውን አይታችሁት ከሆነ ጅቡቲ ያለችው የቀይ ባሕር ደቡባዊ መግቢያ ከሆነው ከባብ ኤል ማንደብ ውጪ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ነው። ስለዚህ ከቻይና፣ ከሕንድ፣ ከዱባይ የሚመጣ ዕቃ ያችን ጠባብ በር ሳያልፍ ጅቡቲ ይገባል። ከአውሮፓና ከጥቁር ባሕር የሚመጣው ግን ስዊዝን አልፎ ቀይ ባሕርን ከላይ እስከታች ወርዶ በሩን መሻገር አለበት፣ ወይ አፍሪካን ሙሉ መዞር። በ2022 ኦገስት 23 ሺህ ቶን የዩክሬን የእርዳታ ስንዴ ይዞ ጅቡቲ የገባው ብሬቭ ኮማንደር የሚባለው መርከብ በዛች በር ነው የመጣው። በሩን የማያልፈውም ዕቃ ቢሆን ኢንሹራንስ ሲጨምር፣ መርከብ ሲጠፋ፣ ኮንቴይነር ሲወደድ አብሮ ይወደዳል፣ መርካቶ ላይ ሄዶ የሚያርፈው ይሄ ነው።

የካርድ ታሪክ ግን አትላንቲክ ላይ አላለቀም፣ ሁለተኛው ግማሽ ምናልባት ለዛሬ የበለጠ ይጠቅማል። በ1946 ከአገልግሎት ወጥታ ተቀመጠች። የዛን ዘመን መርከቦች ሁለተኛ ሕይወት ነበራቸው፣ የኛም ባሕር ኃይል ዋና መርከብ የነበረችው «ኢትዮጵያ» በጦርነቱ ጊዜ ኦርካ ተብላ ፓስፊክ ላይ ያገለገለች የአሜሪካ መርከብ ነበረች፣ በ1962 ለጃንሆይ መንግሥት ተሰጥታ ምጽዋ ላይ ስንት መኮንን ሠልጥኖባታል፣ በ1991 ወደ የመን ሸሽታ እዛው ቀረች፣ በ1993 ለብረት ተሸጠች። ባሕር ኃይል የነበረ አባት ያላችሁ ይሄን ስም ታውቁታላችሁ። ካርድም እንደዛው ተመልሳ ሥራ አገኘች፣ አሁን ግን አዳኝ ሳይሆን ጫኝ ሆና፣ በሲቪል መርከበኞች እየተነዳች ለአሜሪካ ጦር ሂሊኮፕተርና አውሮፕላን ወደ ቬትናም ታመላልስ ጀመር።

ሳይጎን ወደብ ላይ ላም ሶን ናው የሚባል ሠራተኛ ነበር፣ ወደቡን እንደ መዳፉ ያውቀዋል፣ በድብቅ ደግሞ አሜሪካን የሚወጋው የቬትኮንግ ኮማንዶ ነው። በ1963 ዲሴምበር የካርድ እህት የሆነችውን ኮርን ሊያፈነዳ ሞክሮ ባትሪው ደክሞ ከሸፈበት። አልተወውም። ስህተቱን መረመረ፣ የዚህን ዓይነት መርከብ ለመቅደድ ከ80 ኪሎ በላይ ፈንጂ ያስፈልጋል ብሎ አሰላ፣ መግቢያው ከተማዋ ቆሻሻ ውሃ የምታፈስበት ቱቦ ሆነ፣ ቱቦው ወንዙ ላይ ወደቡ አጠገብ ነው የሚወጣው። ከጓደኛው ጋር በጀልባ ሲሄዱ የወደብ ፖሊስ አስቁሟቸው በጉቦ አለፉ። በ1964 ሜይ 2 ሌሊት ፈንጂውን መርከቧ ጎን ላይ አስረው ተመለሱ። ከዛ ፈነዳ፣ ካርድ ውሃ ሞላባትና ወደ 15 ሜትር ወርዳ የወንዙ ወለል ላይ ተቀመጠች።

አስቡት እስቲ፣ የሂትለርን ሰርጓጆች አሥራ አንድ ያጠፋች ቡድን መሪ፣ በገና ዋዜማ ከቶርፒዶ ያመለጠች፣ በሁለት ሰውና በአንዲት ጀልባ ወደብ ላይ ታስራ ሰጠመች። የአሜሪካ መንግሥት ሰጥማለች ብሎ ማመን አልፈለገም፣ ተጎዳች ነው ያለው፣ ሰሜን ቬትናም ግን ቴምብር አሳተመችበት። አሜሪካኖች በ17 ቀን ቀዳዳውን ደፍነው ውሃውን አውጥተው አነሷት፣ ፊሊፒንስ ወስደው ጃፓን አስጠገኗት፣ ዲሴምበር ላይ ሥራ ጀመረች። በ1970 ጡረታ ወጣች፣ በ1971 ተቆራርጣ ለብረት ሄደች።

ይሄ የሳይጎን ነገር ለኛ ሰፈር እንግዳ አይደለም። በ2000 ኦክቶበር 12 ኤደን ወደብ ላይ፣ ከጅቡቲ ፊት ለፊት ማለት ነው፣ ዘመናዊዋ ዲስትሮየር ኮል ነዳጅ እየሞላች ሳለ ፈንጂ የጫነች ትንሽ ጀልባ ቀርባ 17 መርከበኛ ገደለች። ያን ሁሉ ሚሳኤልና ራዳር የያዘች መርከብ። ሁለቱም የተመቱት እየተዋጉ አይደለም፣ ቆመው ነው፣ ሰላም ነው ብለው ባሰቡበት ቦታ። አሁን ደግሞ ሰው እንኳን የማይፈልግ በሪሞት የሚነዳ ጀልባ መጥቷል፣ በ2024 ጁን ቱተር የምትባለው ጫኝ መርከብ ቀይ ባሕር ላይ በዚህ ነው ተመትታ የሰጠመችው። ስለ ቀይ ባሕር ጸጥታ የሚደረገው ክርክር መሀል ባሕሩ ላይ ብቻ ሲያተኩር ያሳስበኛል፣ ጅቡቲ ያችን በምታክል የባሕር ዳርቻ የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የቻይና፣ የጃፓን፣ የጣሊያን ወታደር አለ፣ የኛ እህል የሚራገፈው እነዚሁ ወደቦች ላይ ነው፣ ወደብ ላይ የቆመን መርከብ ከስሩ የሚጠብቅ ማነው የሚለው ጥያቄ ሚሳኤል ማነው የሚጥለው ከሚለው እኩል መነሳት አለበት።

ኢተርኒቲ ሲ ስትመታ አጠገቧ አንድም የጦር መርከብ አልነበረም። ጥቃቱ ከአንድ ቀን በላይ ነው የቆየው፣ በጀልባ እየመጡ፣ እየሄዱ፣ ተመልሰው እየመጡ። መርከበኞቹ አብዛኞቹ ፊሊፒኖች ናቸው፣ ለቤተሰብ ገንዘብ የሚልኩ ሰዎች፣ አረብ አገር ያሉ እህቶቻችን እንደሚልኩት። የሞቱ አሉ፣ የታገቱ አሉ። ካርድ በ1943 ክረምት አውሮፕላኖቿን ከላይ እያዞረች ባሕር ላይ ከወር በላይ ስትቆይ ያ ሁሉ ነዳጅና ድካም ለንግድ መርከብ ሠራተኞች ነበር። ከኢተርኒቲ ሲ በሕይወት የወጡትን አሥር ሰዎች ግን ከባሕሩ የለቀማቸው የትኛውም መንግሥት ባሕር ኃይል አይደለም፣ በግል የተቀጠሩ የነፍስ አድን መርከቦች ናቸው። አንዳንዶቹ ሲገኙ ውሃ ላይ ሁለት ቀን ሊሆናቸው ነበር።